መቼ መቼ ነው የምታጨሰው?

«አልፎ አልፎ ነው የምታጨሰው።»

እንዲህ የማይል አጫሽ የለም፣ ጋሼ። እርስዎ አልፎ አልፎ ይበሉ እንጂ ዘይት ሻጩ ከሩቅ ሲያይዎት ሊትሯን ከመደርደሪያ አውርዶ፣ አቧራዋን ጠርጎ ነው የሚጠብቅዎት። ጎረቤትዎ ያጠበችውን ልብስ የምታሰጣው እርስዎ ከግቢ መውጣትዎን አረጋግጣ ነው። ከኋላዎ የሚነዳው ሰውዬማ ፊት ለፊቱ ያለው መኪና ይሁን ደመራ እስኪለይ ድረስ መስኮቱን ዘግቶ ይከተልዎታል።

ቀልዱ ለጊዜው ይቆየንና፣ ጋራዡ ውስጥ ከተባለው ሁሉ ቁም ነገር ያለበት ይኸው «አልፎ አልፎ» ያሉት ብቻ ነው። የሚያሳዝነው ማንም «መቼ መቼ?» ብሎ አልጠየቀዎትም። ሜካኒኩ ንግግርዎን ሳይጨርሱ «ሞተሩ ይውረድ» አለ። ጎረቤትዎ «ቱርቦው ነው» አለ። ጎማ ሊያስነፋ የመጣው ደግሞ «ሽጧት!» አለ። መድኃኒት ያላዘዘችው ሻይ ያመጣችው ልጅ ብቻ ነበረች፤ እሷም ብርጭቆዋን እየጠበቀች ስለነበር ነው።

ከመጨረሻው ልጀምር። ሽጠው ምን ሊገዙ ነው? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ የቤት መኪና ጭራሽ እንዳይገባ ተባለ። ስለዚህ ይህቺ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1990ዎቹ ሞዴል የሆነች ቱርቦ ናፍጣዎ መኪናነቷ ቀርቶ ርስት ሆናለች። ርስት ደግሞ ይከራከሩበታል እንጂ ጎማ ሊያስነፋ በመጣ ሰው ምክር አይሸጡትም።

አንተ «ሞተሩ ይውረድ» ባዩ ወንድሜ! ምን አጥፍቶ? በዚህ አገር ሳይመረመር የሚወርደው ሞተር ብቻ ነው፤ ሌላውማ ተመርምሮም አይወርድ። የፒስተን ፋሻው አልቆ ከሆነ እሺ ይወርዳል፣ እናለቅስለታለን። ግን ፋሻ ያለቀባት መኪና አልፎ አልፎ አታጨስም። ዳገት በወጣች ቁጥር፣ ጭነት በያዘች ቁጥር ታጨሳለች። ይህቺ ግን አንድ ቀን ንጹሕ፣ አንድ ቀን ጭጋግ ናት። ለመፍቻ ከመሮጥህ በፊት የቀን አቆጣጠሯን ጠይቃት።

በመጀመሪያ ግን ጭሱ ራሱ ማን ነው? «ምን ዓይነት ጭስ ነው?» ሲባሉ፣ ጋሼ፣ «ጭስ ነዋ!» ብለው ተቆጡ። ጥቁር ከሆነ ናፍጣው በዝቶ ወይ አየሩ አንሶ ነው፤ ዘይት የለበትም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ግድም ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ የአየሯ ግፊት ባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ቢሆን ነው። እንኳን አሮጌ ናፍጣ፣ ከጅቡቲ የመጣ ጎረምሳም ሁለተኛ ፎቅ ሲወጣ ያለከልካል። ነጭ ሆኖ ዓይን የሚያቃጥል ከሆነ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። ነጭ ሆኖ ጣፈጥ ያለ ሽታ ካለው የራዲያተሩ ፈሳሽ ወደማይገባበት ገብቷል፤ ያ ሌላ ልቅሶ ነው። ሰማያዊ ያዘለ፣ የተቃጠለ ዘይት የሚሸት ከሆነ ብቻ ነው እዚህ የምንጨቃጨቀው።

«ሰማያዊ ነው። ደግሞ ዘይት በልታለች፤ ጠዋት ለክቻታለሁ።»

የት ሆነው?

«በራችን ላይ።»

ቤትዎ የት ነው?

«ሽሮ ሜዳ።»

ጋሼ፣ ሽሮ ሜዳ ላይ ቆመው መለኪያውን ሲመዙ የለኩት ዘይቱን ሳይሆን እንጦጦን ነው! አፍንጫዋን ሽቅብ አድርገው ሲያቆሟት ሌላ ቁጥር፣ ቁልቁል ሲያዞሯት ሌላ ቁጥር ትሰጥዎታለች። ደልዳላ ቦታ ፈልገው ያቁሟት፤ ሞተሩን አጥፍተው ዘይቱ ወደ ቋቱ እስኪወርድ አሥር ደቂቃ ያህል ይታገሡ። ሁልጊዜም እዚያው ቦታ፣ በዚያው ሁኔታ ይለኩ። አለበለዚያ በዳገት ልኬት «ጎደለ» ብለው ይጨምራሉ፤ ሲጨምሩ ከላይኛው ምልክት ያልፋል። ካለፈ ክራንኩ እየመታ አረፋ ያደርገዋል፣ ጉሙ በሞተሩ መተንፈሻ በኩል ወደ አየር መግቢያው ይሄዳል፣ እዚያ ተቃጥሎ በማርሚታ ይወጣል። እርስዎም «ይኸው በላች!» ብለው ሌላ ሊትር ይጨምራሉ። ሳትራብ በግድ እያጎረሱ «ይህቺ ሆዳም!» ማለት ነውር ነው።

ስንት ነው የምትበላው ሲባሉም «ብዙ» ነው መልስዎ። አንዳንድ አምራቾች በመመሪያቸው ላይ በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር ብትበላ ችግር የለውም ብለው ጽፈዋል። (አምራች ለራሱ ሲፈርድ ለጋስ ነው።) የእርስዎ «ብዙ» ከዚህ ይብለጥ ይነስ በምን ይታወቃል? ደብተር ይያዙ፤ የዕቁቡ ደብተር ካለ ከጀርባው ይጻፉ። ስንት ኪሎ ሜትር ላይ ስንት ጨመሩ፣ ጭሱን ያዩት በስንት ሰዓት፣ ዳገት ላይ ነው ቁልቁለት ላይ፣ ሞተሩ ሞቆ ነው ቀዝቅዞ። አንድ ወር እንዲህ ቢጽፉ ያቺ «ድንገት ታጨሳለች» ያሏት መኪና ከእርስዎ ይልቅ ሰዓት አክባሪ ሆና ያገኟታል።

ጠዋት ሲያስነሷት አንድ ጊዜ ሰማያዊ ተፍታ ወዲያው ከጠራች፣ ሌሊቱን ዘይት በቫልቮቹ አንገት በኩል ሲንጠባጠብ አድሯል። ጥርጣሬው እዚያ ያለችው ትንሿ ጎሚኒ ላይ ነው፤ በሙቀት ደርቃ ጠንክራለች። እሷን ለመቀየር ሞተር አይወርድም። በብዙ ሞተሮች ላይ ቴስታታው እንኳ ሳይነሳ ትቀየራለች። ይህ ዜና «ይውረድ» ባዩ ወንድሜ ዘንድ ገና አልደረሰም፤ ቢደርስም የሚያሠራው የእጅ ዋጋ ትንሽ ስለሆነ አይወደውም።

ባለ ቤንዚኑ ጓደኛዎ ደግሞ ብልሃት አስተማርኩ ብሎ «አባይ በረሃን እግርዎን ከነዳጁ አንሥተው ይውረዱና ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ረገጥ ያድርጉት፤ ሰማያዊ ከወጣ የቫልቭ ጎሚኒ ነው» ብሎዎታል። እውነቱን ነው፤ ለእሱ። የቤንዚን ሞተር እግር ሲነሳለት የአየር መግቢያው ይዘጋና ውስጡ ይመጥጣል፤ መምጠጡ ዘይቱን በቫልቩ አንገት ስቦ ያስገባዋል። አሮጌ ናፍጣ ግን በአብዛኛው ያን መዝጊያ የላትም። ስለዚህ ከጎሐ ጽዮን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርደው ድልድዩ ላይ ምንም ባያዩ ጎሚኒው ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። በሰው የሐኪም ወረቀት መድኃኒት ገዝተው መዋጥዎን ለልጆችዎ አይንገሩ።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። በሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ሜክሲኮ አደባባይ ተገትረው ይቆያሉ። መንገዱ ሲከፈት ነዳጁን ረገጥ ሲያደርጉ ከኋላ ደመና ይነሳል። ጎረቤትዎ «ቱርቦ ነው አላልኩም?» ይላል። ብሏል፤ አይካድም። ግን ቆሞ የዋለ ቱርቦ ለምን እንደሚያጨስ ይጠይቁት እስቲ። «አርጅቶ ነዋ!» አለ። አንተም እኮ አርጅተሃል፤ ከጆሮህ ግን ዘይት ሲወርድ አላየንም።

ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1905 በስሙ ያስመዘገበው ሐሳብ ቀላል ነው። በማርሚታ የሚባክነው ትኩስ ጭስ አንድ ማራገቢያ ያዙር፤ በዚያው ዘንግ ሌላ ጫፍ ያለው ማራገቢያ ደግሞ አየር ወደ ሞተሩ ይግፋ። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ተንሳፎ ነው እንዲህ የሚበረው። በሁለቱ ጫፍ ዘይቱን የሚያግደው ታዲያ ጎረቤትዎ እንደሚያስበው ጎማ አይደለም። እንደ ፒስተን ፋሻ ያለ ቀጭን የብረት ቀለበት ነው፤ ከእሱ በላይ ዋናው ዘበኛ ደግሞ ግፊት ነው። ማራገቢያዎቹ በሚዞሩበት በኩል ያለው ግፊት ዘይቱን ወደ መሐል እየገፋ ይይዘዋል። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ሲቆይ ያ ግፊት ይደክማል፣ ዘይቱም ሾልኮ በትኩሱ በኩል ይጠራቀማል። መንገድ ተከፍቶ ነዳጅ ሲረግጡ የተጠራቀመው በአንዴ ይቃጠላል። ቱርቦው ሞቶ ላይሆን ይችላል፤ ዘበኛው እንቅልፍ ይዞት ነው።

ጤነኛ ቱርቦን የሚያስጨስ ሌላም አለ። ዘይት ወደ ቱርቦው የሚገባው በፖምፓ ግፊት ነው፤ የሚወጣው ግን በራሱ ክብደት ቁልቁል እየወረደ ብቻ ነው። ያ መውረጃ ቱቦ ከታጠፈ ወይም በካርቦን ከጠበበ ዘይቱ መሄጃ ያጣና በቀለበቶቹ በኩል ይሾልካል። አጥባቢው ደግሞ ሁልጊዜ ካርቦን አይደለም፤ ሲሊኮን የሚባል አለ።

አቤት ሲሊኮን! ጓርኒሲዮን ገዝቶ ከመግጠም ቱቦ ጨምቆ መቀባት የቀለለው እጅ ስንቱን ሞተር ፈጀ። ብሎኖቹ ሲጠብቁ ወደ ውጭ የተረፈውን በጣቱ ጠርጎ፣ ጣቱን በቱታው አብሶ «ንጹሕ ሥራ» ይላል። ወደ ውስጥ የተረፈውን ማን ይጥረገው? እሱ መውረጃውን ግማሽ በግማሽ ዘግቶ ይደርቃል። አዲስ ቱርቦ በተገጠመ በሳምንቱ መኪናዋ ስታጨስ «ሶማሌ ተራ ያሉት መለዋወጫ ሻጮች አታለሉን» ይባላል። ሶማሌ ተራ የራሱ ኃጢአት ይበቃዋል፤ የሲሊኮኑን አትጨምሩበት።

መተንፈሻውም አለ። ሞተር ሲሠራ ጥቂት ጋዝ በፋሻዎቹ ጎን አልፎ ወደ ታች መውረዱ አይቀርም። ያ ጋዝ በመተንፈሻው ቱቦ ወጥቶ፣ ከቱርቦው በፊት ካለው አየር ጋር ተቀላቅሎ ተመልሶ ይቃጠላል። መተንፈሻው ሲደፈን ታች ግፊት ይነሳል፤ የቱርቦው ዘይት ደግሞ መውረጃው ወደዚያው ስለሆነ በግፊት ላይ መውረድ አቅቶት ይቆማል። መተንፈሻ ቱቦ ማጽዳት ምን ያህል ያስከፍላል? ምንም። ለዚህ ነው ማንም የማይመክርዎት። አጽድተው ሲያበቁ ሞተሩን ሚኒሞ ላይ አድርገው የዘይት መሙያውን ክዳን ይክፈቱ። ቀስ ያለ ትንፋሽ የጤና ነው። መተንፈሻው ንጹሕ ሆኖም እንደ ባቡር የምትተነፍስ ከሆነ፣ ያኔ ነገሩ ወደ ፋሻ አድልቷል፤ «ይውረድ» ባዩን ይቅርታ ለመጠየቅ መዘጋጀት ነው።

ጎረቤትዎ ይህን ሁሉ ሰምቶ ዝም አላለም። ከአየር ፊልትሮው ወደ ቱርቦው የሚሄደውን ማኒኮቶ ነቅሎ፣ ጣቱን ከትቶ «ይኸው ዘይት! አሁንስ ምን ትሉ?» አለ። ወንድሜ፣ ይህ ቱቦ እኮ ከቱርቦው በፊት ያለው ነው። ቱርቦ አየር የሚገፋው ወደ ሞተሩ ነው፤ ይህን ቱቦ የቀባው ከመተንፈሻው የመጣው የዘይት ጉም ነው፤ ስስ ሆኖ ከታየ ደግሞ ያለ ነገር ነው። ጣትህን ጥረግና፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በዚያው ጣት ዘንጉን ያዝ። ወደ ጎን ጥቂት ቢወዛወዝ አትደንግጥ፣ የዘይቱ ቦታ ነው። ወደ ውጭና ወደ ውስጥ በግልጽ የሚላወስ ከሆነ፣ ወይም ምላጩ ግድግዳውን የፋቀበት ጭረት ካየህ ግን ትክክል ነበርክ። ሎተሪ የደረሰውም ትክክል ነው።

መኪናዋ ኢንተርኩለር ካላት ሌላ ተንኮል አላት። ሳምንቱን በከተማ ዝግ ብላ ስትሄድ ጠብታ በጠብታ እዚያ ሆድ ውስጥ ዘይት ታጠራቅማለች። እሑድ ፈጣን መንገዱ ላይ ነዳጅ ሲሰጧት ያጠራቀመችውን ጠራርጋ ትውጣለች። «ሳምንቱን ሙሉ ንጹሕ ነበረች፣ ደብረ ዘይት ሳንደርስ ዘይቷን ጨረሰች» የሚባለው ያኔ ነው። ኢንተርኩለሩንና ቱቦዎቹን አስጥበው፣ በደንብ አድርቀው ያስገጥሙና ጥቂት ሳምንት ነድተው እንደገና ያስከፍቱ። ዘይት ተመልሶ ከተገኘ ቱርቦው ወይም መተንፈሻው ነው። ደረቅ ሆኖ ካጨሰች ግን ወይ ቱርቦው በትኩሱ በኩል እያሾለከ ነው፣ ወይ ዘይቱ የሚገባው በሞተሩ ውስጥ ነው፤ ያኔ ወደ ቫልቭ ጎሚኒና ወደ ፋሻ ይሂዱ።

እዚህ ላይ ተረቡን ላፍታ ልተው። ናፍጣ ሞተር በአየር መግቢያው በኩል ብዙ ዘይት ካገኘ ዘይቱን እንደ ናፍጣ አቃጥሎ ይሮጣል። ቁልፉን ቢያዞሩ አይጠፋም፤ ቁልፉ የሚያቋርጠው ናፍጣውን እንጂ ዘይቱን አይደለም። እየጮኸ፣ እየፈጠነ፣ ራሱን እስኪሰብር ይሄዳል። በእጅ ማርሽ የምትሠራ ከሆነች ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረግጠው፣ ትልቁን ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮኑን መልቀቅ ነው፤ አፍና ያጠፋታል። ካልሆነ የአየር መግቢያውን በወፍራም ጣውላ መድፈን ወይም በካርቦን ዳይኦክሳይድ የእሳት ማጥፊያ እዚያው መርጨት ነው። በእጅ መዳፍ ወይም በጨርቅ በፍጹም አይሞከርም፤ ስቦ ይውጠዋል። ካልተቻለ ርቆ መቆም። ኢንተርኩለሩ ዘይት የሞላበት ሰው «አልፎ አልፎ ነው» እያለ ዓመት የማይቆየው ለዚህ ነው።

ወደ ተረባችን። የአየር ፊልትሮውን ያየው አለ? «በየሳምንቱ በኮምፕሬሰር አስነፋዋለሁ!» አሉ በኩራት። ጋሼ፣ ያ ወረቀት ነው! በየሳምንቱ በዚያ ግፊት ሲነፋ ቀዳዳ ያወጣል፤ የመንገዱ አቧራ በቀዳዳው ገብቶ መጀመሪያ የቱርቦውን ምላጭ፣ ቀጥሎ ፋሻውን ይበላል። ጨርሶ ካልነፉትና ካልቀየሩት ደግሞ ይደፈንና ቱርቦው አየር ሲያጣ ዘይቱን በቀለበቱ በኩል ይስባል። ስንት ዓመት ሆነው ይህ ፊልትሮ? «አሁን በቅርብ ነው፤ ልጄ ስትዳር።» ልጅዎ ልጆቿን ትምህርት ቤት አስገብታለች፣ ጋሼ።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። ዳገት በኃይል ወጥተው እንደደረሱ ወዲያው ቁልፉን ይነቅላሉ? «ነዳጅ ለምን ይባክናል?» ናፍጣ ቆጥበው ቱርቦ ይገዛሉ። ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ በጋለው ዘንግ ዙሪያ ቆሞ ይቀርና ወደ ካርቦን ይለወጣል። አንድ ሁለት ደቂቃ ሚኒሞ ላይ አቆይተው ያጥፉት። ሰዓት አይበቃኝም እንዳይሉ፤ ከመኪናው ሳይወርዱ በስልክ የሚቆዩትን አውቃለሁ።

ይህ ሁሉ ታይቶ፣ ተጸድቶ፣ ተጽፎ አሁንም ካጨሰች የሲሊንደሮቹን ግፊት ያስለኩ። አንዱ ከሌሎቹ በግልጽ ካነሰ አየር አስገብቶ ማዳመጥ ነው፤ በዘይት መሙያው በኩል ከተነፈሰ ፋሻ ነው። «አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምረህ ድገመው» የሚለው የቤንዚን ሰፈር ዘዴ ነው። ናፍጣ ላይ ቦታው ጠባብ ስለሆነ ያ ማንኪያ ራሱ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያታልላል። ፋሻው ደግሞ ሁልጊዜ አልቆ አይደለም፤ በካርቦን ተይዞ ቦታው ላይ የተጣበቀም አለ። ያም ሆነ ይህ አሁን ቁጥር አለ፤ በቁጥር ይውረድ፣ አልከራከርም።

አንድ ደላላ ግን ይህን ሁሉ ጥግ ላይ ቆሞ ሲሰማ ኖሯል። «ለእኔ ስጡኝ፤ በነገው ቀን አታጨስም» አለ። አይዋሽም። ወፍራም ዘይትና ጣሳ ሙሉ ማወፈሪያ ከጨመሩባት ገዢው ከነ ቤተሰቡ እስኪመርቃት ድረስ ጨዋ ትሆናለች። ጠዋት አስነሥቶ የምታጨሰውንም አስጭሶ፣ አሙቆ ነው የሚያቀርባት።

«ገዢው ሳትነሳ፣ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ልያት ቢልስ?»

«ጠዋት ቁልፉ ባለቤቱ ጋ ነው።»

«ባለቤቱስ?»

«ቅዳሴ ነዋ!»

«ታዲያ ቁልፉ ቅዳሴ ካለ ኮፈኑ በምን ጋለ?»

«ፀሐዩ ነው።»

በሐምሌ!